ለአራስ የማይነገር

በዚያ ክረምት ከመቀሌ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ በጭቃ ተዘጋ፤ የስልኩ ሽቦም ተቆርጦ ሰነበተ። በመቀሌ ሽቦ አልባ ጣቢያ የሚሠራው ረታ ግን በየማለዳው ከደሴ ጋር በቴሌግራፍ ቁልፍ ይነጋገር ነበር፤ እሱ ይመታል፣ እዚያ ያለው ባልደረባው አስናቀ ይመልሳል። ሚስቱ አስካለማርያም የበኩር ልጇን ለመውለድ ደሴ፣ እናቷ ቤት ሄዳለች። ከመንግሥት መልእክት የምትተርፈዋ ትንሽ ጊዜ የእሷ ነበረች።

ወንድ መውለዷን በዚያው ሰማ። ደስታው ሳይበርድ አስናቀ ሌላ ወሬ መታለት። አንድ ሲራራ ነጋዴ የመቀሌ ጣቢያ ተቃጥሎ ሠራተኛው ሞተ ብሎ ገበያ ላይ አውርቷል፤ ወሬው አስካለማርያም ጆሮ ገብቷል።

«ደኅና ነው ብላት አላምን አለች። ለአራስ መርዶ አይነገርምና የምንደብቃት መስሏታል። እህል አትቀምስም፤ ጡቷም እየነጠፈ ነው።»

ረታ «ድምፄን ላሰማት» ብሎ መለሰ።

አራስ ከቤት ስለማትወጣ አስናቀ መቀበያውን ተሸክሞ እሷ ዘንድ ሄደ። ረታ ማይክሮፎኑን ይዞ፣ ሰሚ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ተናገረ። ከዚያ አስናቀ ወደ ቁልፉ እስኪመለስ ጠበቀ።

«በደንብ ተሰማ» አለ አስናቀ። «እሷ ግን ‹ይሄ የእሱ ድምፅ አይደለም፤ ሌላ ሰው እሱን አስመስላችሁ ነው› ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።»

ጥፋቱ የራሱ ነበር። የመላኪያውን ማጉያ ሲያበጅ የሞተሩ ነዳጅ ብርቅ ስለነበረ፣ ኃይሉ ሁሉ በአንዲት ቀጭን ሞገድ ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ነው ጥቅል ሽቦውን ያጠበቀው። ለቁልፍ ምት ያ ይበቃል። የሰው ድምፅ ግን ወርድ ይፈልጋል፤ በጠባብ በር ሲያልፍ ለዛው ተገፎ ይቀራል። ይህን እያወቀ፣ ደሴ ሩቅ ነው ብሎ ከወርዱ ይልቅ የሞገዱን ጉልበት መረጠ።

ሞተር ጠባቂው ሳሊህ የወሎ ሰው ነው። መቀበያ በበቅሎ ጭኖ ከመቀሌ ወጣ ብላ እስካለችው ቁሓ ድረስ ሄዶ አዳመጠና ተመለሰ።

«ጉልበቱስ በቅሎዋን አስደነበራት» አለ። «ግን አንተ አይደለህም። እንስራ ውስጥ የተደበቀ አጎትህ ነው።»

ረታ ኃይል የሚበላ ሽቦ ደርቦ ሞገዱን አሰፋ። የማጉያው አምፖል፣ ቫልቮላው፣ ፍም መሰለ፤ ግማሹ ኃይል ሙቀት ሆኖ ቀረ። ሳሊህ ዳግመኛ ከቁሓ ሲመለስ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁንስ አንተ ነህ። ግን ነፍስህ ልትወጣ ነው። ይህን ከምትሰማ ለቅሶ ብትቀመጥ ይሻላታል።»

«ሁለቱንም ከየት ላምጣ፣ ሳሊህ?»

«አብሽር። አንዱ በሬ ያልቻለውን ጥንድ ያርሰዋል።»

ሳሊህ ያለው ለማጽናናት ነበር። ረታ ግን «ጥንድ» የሚለውን ቃል ይዞ ሁለተኛ ጥቅል ሽቦ ጠመጠመና ከፊተኛው ጎን አቆመው። ሲያራርቃቸው ሞገዱ ይጠባል፤ ከመጠን በላይ ሲያቀራርባቸው የሞገዱ መሐል ይጎደጉዳል። ጣቱን እያቃጠለው በጥቂት በጥቂቱ ገፋው። ቫልቮላው ሳይቀላ፣ ጉልበቱም ወርዱም ተገኘ። ሳሊህ በሦስተኛው ጉዞው ገና ከበቅሎዋ ሳይወርድ «ያው ነዝናዛው ረታ ነው» አለ።

አስናቀ እንደገና መቀበያውን ተሸከመ። ረታ ብዙ አልተናገረም። ጓሮ የተከለችው ጌሾ መጽደቁን፣ ጋቢውን ራሱ እያጠበ ማበላሸቱን ነገራት። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ቁልፉ መምታት የጀመረው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

«ገና ስትጀምር አወቀችህ። ገንፎ አስመጥታ በላች። ከዚያ ሣጥኑን ታወራው ጀመር። መቀበያ እንጂ መላኪያ አይደለም፣ አይሰማሽም ብላትም እንቢ አለች። ብዙ አወራችህ።»

«ምን አለች?»

ቁልፉ መለሰ።

«ባል ለብቻው የሚሰማው ነገር ነበር። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።»

ሳሊህ ሞተሩን አጥፍቶ መጣ። ረታ ግን ከደሴ ምንም እንደማይሰማ እያወቀ ማዳመጫውን አላወለቀም።