ያልተጠየቀው ቤት

ክረምቱ ገብቶ አርባ ቀን አላባራም። የሽንት ቤት ጉድጓዶች ሞልተው ገነፈሉ፤ የሰፈሩ የውሃ ጉድጓድ ደፈረሰ። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። አሥራ አንደኛው አናጺው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኞች አናጺው ራሱ በሠራቸው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን አገኘው?» አለች ጎረቤቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ልቡ ነው» አለች ሚስቱ። ተቅማጥ ብትል ማን ደጇን ይረግጣል?

ልጃቸው ከጎን ሆና ሰማች። ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ታጠናለች፤ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አባቷ «በሽተኛ የማትነካው ሐኪም» እያለ ይቀልድባት ነበር።

ከዝናቡ በፊት ለትምህርቷ ስልሳ ቤት እየዞረች መጠይቅ ስትሞላ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ ጠይቋት ነበር።

«የእኛስ ተራ?»

«የእናንተንማ አውቀዋለሁ፣ አባዬ።»

«ጎረቤት ሁሉ ተጠይቆ እኛ ቀረን። እንግዲህ ዕዳ አለብሽ።»

የቤታቸውን መጠይቅ ማደሪያዋ ገብታ ራሷ ሞላችው። ውሃ አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ? አዎ። እናቷን ሁልጊዜ «አፍዪ» ትላት ነበር፤ እናቷም «እሺ» ትላለች። የመልሶቹን ዝርዝር ጤና ጣቢያው ወሰደ። የውሃ ማከሚያ ሲታደል «አዎ» ያሉ ቤቶች ታለፉ። የእነሱም ቤት ታለፈ።

«ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እስቲ ውሃ» አለች ጎረቤቲቱ።

እናት ከጀሪካኑ ቀዳችላት። ልጅቱ ተነሥታ ኩባያውን በመዳፏ ከደነችው።

«ይቆይሽ፣ እትዬ።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ውሃ አፍልታችሁ ትጠጣላችሁ?»

«ሰው ፊት ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?»

«መልሺልኝ።»

እናት ወለሉን አየች። «ከሰል ሲወደድ ተውነው። አባትሽ ‹አትንገሪያት፤ ከምሳዋ ቀንሳ ትልክልናለች› አለኝ።» ወደ ለቀስተኞቹ ዞረች። «ልቡ አይደለም። ውሃው ነው።»

ጎረቤቲቱ ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«እኛም አናፈላም» አለች።

«አዎ ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ የተማረ ሰው ደጅሽ መጥቶ ሲጠይቅሽ ‹አናፈላም› ይባላል?»

ዋናዎቹ መጠይቆች ገና እጇ ላይ ነበሩ። ሳትጠይቅ መሙላቷን መምህሯ ካወቀ ትባረራለች። ከመስኮቱ ላይ አባቷ በቢላዋ የቀረጸውን ጠፍጣፋ እርሳስ አንሥታ የቤታቸው ወረቀት ላይ «አዎ»ን ሰረዘች። «አናፈላም» ብላ ጻፈች።

ከዚያ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰካች፤ የጎረቤቲቱን ወረቀት መፈለግ ጀመረች።