ስድስት ይሁን ስምንት

«ማዳበሪያ ብለህ መርዝ ነው የሸጥክልኝ!» ሴትየዋ ስልኩ ላይ ጮኸች። ነጫጭ ቧንቧዎቹ ላይ የተደረደሩት ሰላጣዎች ገርጥተዋል፤ ቅጠላቸው ዳር ዳሩን አሯል። ሽማግሌው አባቷ ፓምፑ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ሻጩ ከወዲያ ይማጸናል። «እመቤቴ፣ ከሌላ ደንበኛ አንድም ስሞታ አልመጣብኝም። እስቲ የውሃውን ፒኤች ይለኩት።»

«አባቴ በየጠዋቱ ይለካል! ዕድሜ ልኩን ከባድ መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ዓይኑ ጭልፊት ነው!»

«ጭልፊት» የሚለው ቃል ሽማግሌውን እንደ ጥፊ አጮለው። ልጁ ሥራዋን ለቃ ጓሮዋ በሠራችው የላስቲክ ቤት ያለ አፈር ሰላጣ ማብቀል ስትጀምር፣ ውሃውን መቆጣጠር የእሱ ድርሻ ሆነ። ውሃው ማዳበሪያውን ይዞ ከገንዳው ይነሳል፤ በቧንቧዎቹ ዞሮ ተመልሶ እዚያው ይገባል። የፒኤች መለኪያው ስድስት ገደማ ካለ ሰላም ነው። ወደ ስምንት ከወጣ ግን ጥቂት አሲድ ጠብ ይደረግበታል፤ አለዚያ ተክሉ ምግብ መሐል ቆሞ ይራባል።

ከቅርብ ጊዜ ጀምሮ ግን የመለኪያው ቁጥር ይደበዝዝበታል። ስድስት ይሁን ስምንት አይለይም። ልጠይቅ ሲል ኩራቱ አንቆ ይይዘዋል። «ስድስት ነው» እያለ ያልፋል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንም ርቦት ነው ብሎ ማዳበሪያ ጨመረበት፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

«ሱቅህ በር ላይ ቆሜ ሰው ፊት ነው የማዋርድህ!» አለች ልጁ።

የሽማግሌው ፊት እንደ እሳት ጋለ። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም።

«ስልኩን ስጪኝ።»

«ተው አባዬ፣ አንተ ደግሞ ለሁሉም ታዝናለህ።»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

ተቀብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ፣ ማዳበሪያህ ደህና ነው። ችግሩ ዓይኔ ነው። ይቅር በለን።»

ልጁ ወደ ገንዳው ሄደች። መለኪያውን አንስታ ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ስምንትን አልፏል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ ታወረ ብዬ?» ድምፁ ተሰበረ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

አንጀቷን በላት። «ሰላጣ እኮ ነው አባዬ፤ እንደገና ይበቅላል። ውሃውን እንለውጠዋለን።» ከዚያ ወሬ ለማስቀየር ያህል፣ «ይልቅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚለቀቁበት ሰዓት ደርሷል። ሂድ አምጣቸው፤ እኔ ገንዳውን አጥባለሁ» አለች።

እንደ ልማዱ ቁልፉን ይዞ ወጥቶ የመኪናዋን በር ከፈተ። የኋላው ወንበር ላይ የትንሿ የልጅ ልጁ ሹራብ ወድቋል። እሱን እያየ ቆመ። ቀና ብሎ ከመንገዱ ማዶ የተተከለውን ምልክት ለማንበብ ሞከረ። የታየው ቀይ ነገር ብቻ ነው።

ተመልሶ ገባና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺ ሂጂ» አለ። መልሷን ሳይጠብቅ እጅጌውን ሰብስቦ ባልዲውን አነሳ።