በየዓመቱ ዝቅ ያለው ፒያኖ

ፒያኖ ቃኚው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን ድምፅ እየደጋገመ ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ቢደክመው አይፈረድበትም። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ድካሙ ለየት ያለ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ገና አልተደረደሩም፤ ከፊቱ በስጦታ የመጣው አዲሱ ፒያኖ እያብለጨለጨ ቆሟል። አሮጌው ግድግዳ ሥር ተገፍቶ ጨርቅ ለብሷል።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ይሰበሰባል። አዲሱ ይመለስና አሮጌው ይጠገን፣ ወይስ አሮጌው ይወገድ የሚለውን የሚወስኑት የእሱን ቃል ሰምተው ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው፣ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረች ትምህርት ቤት የላከችው፣ ዛሬ የአዳራሹን መዘምራን የምትመራው እትዬ። ፒያኖው ከመጣ ጀምሮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰማትም ላልሰማትም አንድ ነገር ስትል ከርማለች። የዛሬ ፒያኖ ነፍስ የለውም፣ ጆሮ ይወጋል፤ የድሮው ግን ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ሰው ሰው የሚል ነበር። መዘምራኑም ከአፏ ተቀብለው ያስተጋባሉ።

በሙያው ከተጠየቀ ነገሩ ግማሹ እውነት ነው። አሮጌው ታች ሲመቱት ያጉረመርማል፣ መሀሉ ላይ ሰው የሚያወራ ይመስላል፣ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፤ አንድ ቤት እንዳደጉ ሦስት ወንድማማቾች ጠባዩ ለየቅል ነው። አዲሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ብርቱ፣ ቶሎ የማይጠፋ። የትኛው ይሻላል ቢሉት የሰሚው ምርጫ ነው ብሎ ያልፍ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን የገዛ እጁ ሥራ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እትዬ ብቻዋን በምትዘምረው ዜማ ላይ ከፍተኛዋን ድምፅ አጣቻት። ጉንፋን ነው ብላ ሳቀች፤ እሱ ግን ፊቷን አይቶ ሆዱ ባባ። በሚቀጥለው ቅኝት ሽቦዎቹን በሙሉ ትንሽ፣ እዚህ ግባ የማይባል ያህል አላላቸው። እትዬ ድምፄ ተመለሰልኝ ብላ ፈነደቀች። በዓመቱ ደግሞ ጥቂት ጨመረ። ሽቦውን የሚመቱት መዶሻዎች የለበሱትን ሱፍም ድምፁ እንዲለዝብ በመርፌ እየወጋ አለሰለሰው። መዘምራን የሚከተሉት ፒያኖውን ነውና ማንም አልነቃም። ሲጠራቀም አሮጌው ፒያኖ ከትክክለኛው ቅኝት ግማሽ ድምፅ ወርዶ ቁጭ አለ። ያ ሁሉ ሰው ያደነቀው ሙቀት በአብዛኛው የላላ ሽቦ ነበር።

የአዲሱን ክዳን ከፍቶ መፍቻውን ሲያስገባ፣ ያንኑ እዚህም መድገም እንደሚችል ታየው። ማን ይጠይቀዋል? ግን ሽቦው ከሁለት መቶ በላይ ነው፤ ያን ሁሉ አላልቶ፣ ደግሞ እየተመላለሰ ቅኝቱን ጠብቆ፣ እትዬ ስታረጅ እንደገና ሊያላላ ነው። መፍቻውን አውጥቶ አስቀመጠው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጀግንነት አይደለም፤ ታክቶት ነው።

እትዬ ከስብሰባው ቀደም ብላ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ አጠገቡ ቆማ፣ ኮሚቴው ፊት የሚለውን አንድ በአንድ አስጠናችው። ከዚያ ጉዱን በጆሮው እንዲሰማ ያቺን ከፍተኛ ድምፅ ምታልኝ አለችው። መታላት። ድምጿ ወጣ ወጣና ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ።

«ይኸው» አለች። «ይጮሃል እንጂ አይዘምርም።»

«እትዬ፣ ፒያኖው አይደለም።»

የቀረውን ወለል ወለሉን እያየ ነገራት፤ የመጀመሪያውን ዓመት፣ መርፌውን፣ ሁሉንም። ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ። ብትሰድበው ደስ ባለው። እትዬ ግን ሄዳ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«የልብስ ሰፊዋ ልጅ የመጣች ቀን እዚህ ነበርክ?» አለችው።

ነበረ። አራት ዓመት አልፎታል። ልጅቷ መዘምራን ልትገባ ስትፈተን ከፒያኖው ከፍ፣ ከፍ እያለች አስቸገረች፤ እትዬ ሦስት ጊዜ አስቆመቻት። ትክክለኛው ቅኝት ጆሮዋ ውስጥ ነበረና ከወረደው ፒያኖ ጋር መግጠም አልሆነላትም። እሱ መድረኩ ጥግ ዕቃውን እየሰበሰበ ሁሉንም ሰምቷል፤ ሰምቶም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

«ጆሮ የለሽም ብዬ ነው የሸኘኋት» አለች እትዬ። «ያ ሁሉ ሰው እያየ። አንተ ደግሞ ልክ እንደነበረች ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለእኔ ብለህ።»

«ለአንቺ ብዬ።»

እትዬ የድምጿን ነገር አንዴም አላነሳችም። ልጅቷ አሁን የት እንዳለች ጠየቀችው። በእናቷ ሱቅ ልብስ እንደምትሰፋ፣ የእሱንም ሱሪ የምታሳጥርለት ልጅቷ እንደሆነች ነገራት።

«ትዘፍናለች?»

«አራት ዓመት ሙሉ ስመላለስ ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቻት አላውቅም።»

ይህን ሲናገር አፈረ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የራሱ ድካም እንጂ ሌላ ነገር ታይቶት አያውቅም ነበር። እትዬ ተነሳች።

«ስብሰባው ይቆየን፤ አሁኑኑ እንሂድ» አለች። «እኔ ያልኳትን እኔ ይቅርታ ጠይቄ አነሳለሁ። አንተ ዝም ያልከውን ግን አንተው በአፍህ ትነግራታለህ።»

ጃኬቱን አንስቶ ተከተላት።