አላውቅም የምትል እህት

ባዬ ያልላላውን የድንኳን ገመድ ፈትቶ እንደገና ይወጥራል። ጎረቤቱ ገነነ ካስማውን በእግሩ ረግጦ ያዘለት።

«አሁንስ ድንኳኑ ራሱ ‹ተወኝ› ሊልህ ነው» አለ ገነነ። «ግባና ከሰው ጋር ተቀመጥ። የሞተችው እህትህ ናት።»

«እየሠራሁ ነው።»

ያምሮትን የቀበሯት ትናንት ነው። አዲስ አበባ በድንገት ታማ ሞተች፤ አስከሬኗ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሳይደርስ፣ ወደ ተወለደችበት መንደር ታጠፈ። ነገ በሠልስቷ ልብሷን ይዞ ከአልቃሿ ፊት መቆም የወንድሟ ነው። ባዬ ግን አልይዝም ብሏል።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሲዞር ሹክሹክታውም አብሮ ይዞራል።

«ዶክተር ነበረች አሉ።»

«ለመንደሩማ አንድ ክኒን አልሰጠች።»

ባዬ ሰማ። እሱም ይህንኑ ሲል ነው የኖረው። አባታቸው የታመሙ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ወስዶ አስተኛቸውና ከሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ደወለላት።

«አንች ዶክተር አይደለሽ? ምን ይስጡት? ንገሪኝ!»

 «አላውቅም ወንድማለም። እዚያ ያሉትን ሐኪሞች ስማቸው» አለችው።

ስልኩን ዘጋባት። አባታቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ስሟን አልጠራም።

ከሰዓት በኋላ አልቃሿ እማማ አልጣሽ ከአዲስ አበባ የመጣችውን እንግዳ ባዬና ገነነ ገመድ ወደሚወጥሩበት የድንኳኑ ጓሮ ይዛት ወጣች። ሜላት ትባላለች፤ የያምሮት የሥራ ባልደረባ ናት። የያምሮትን ነጭ ጋውን በክንዷ ይዛለች።

«አንች ልጅ፣ አራሽ ሲሞት በሬውን እጠራለሁ፤ ተኳሽ ሲሞት ጠመንጃውን። ይችን በምን ልጥራት? ምን ነበር ሥራዋ?»

ሜላት ወደ ገዛ ክንዷ ጠቆመች። «በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ እማማ።»

«በቁማችን?»

«በቁማችን። የሚሞተው ‹አንሱኝ› የሚል ምልክት ያወጣል። ሌሎች፣ ከበሽታ የሚጠብቁን ሕዋሳት፣ መጥተው ውጠው ያጠፉታል።»

«ቀባሪዎች ናቸዋ! ያለ እድር?»

«ያለ እድር። ሳይነሳ የቀረ እንደሆነ ግን ይፈርስና ጤነኛውን አካል ያስቆጣዋል። ያምሮት ለምን ሳይነሳ እንደሚቀር ነበር የምታጠናው።»

«አገኘችው?»

«ጥቂቱን።»

ባዬ ገመዱን ለቀቀ። «አባቴን የገደለው ይኸ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። የእሳቸው ጉበት ነበር። እሷ ተመራማሪ እንጂ ሐኪም አልነበረችም፤ ስለ ጉበት አታውቅም።»

«እንዲያው አንድ ነገር ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ሜላት ጋውኑን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ያን ቀን አጠገቧ ነበርኩ። ስልኩን ሲዘጉባት ለምታውቃቸው ሐኪሞች ሁሉ ደወለች። እዚያ ያሉት የሚያደርጉት ልክ ነው አሏት። እኔም ‹መልሰሽ ደውይና ይህ ይሻላል በይው፤ ቢያንስ ይጽናና› አልኳት።»

«ምን አለች?»

«‹ወንድሜ የምነግረውን ሁሉ ያምነኛል። ስለዚህ የማላውቀውን አልነግረውም› አለች።»

  ባዬ እጁን ወደ ሜላት ዘረጋ፤ ጋውኑን ሰጠችው።

በማግስቱ ሰው ግጥም ብሎ በተሰበሰበበት፣ ባዬ ጋውኑን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመ። እማማ አልጣሽ ነጠላዋን አገልድማ ጀመረች፤

«በሰው ገላ መሐል ቀባሪ አለ ብላ፣
ስታይ የኖረችው የባዬ ከለላ።
ሊቁማ ብዙ ነው፣ አውቃለሁ የሚለን፣
አላውቅም የምትል አንዷ ተለየችን።»

«እታለም!» አለ ባዬ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። ገነነ መጥቶ ከጎኑ ቆመ።

ሰው ሲበተን ቤት ገብቶ ጋውኑን መደቡ ላይ ዘረጋው። እጅጌዎቹ ረዝመውባት ኖሮ፣ እስከ ክርኗ ድረስ በጥንቃቄ ጠቅልላቸዋለች። አንዱን ሊፈታው ያዘ። ተወው። እጅጌዎቹን እሷ እንደ ጠቀለለቻቸው አድርጎ ጋውኑን አጣጠፈና ከራስጌው አኖረው።