ያልሞላው ጀሪካን

ወይዘሮ አሳየሽ በዕድሜዋ ጎደሎ ነገር ለሰው አቀብላ አታውቅም። ሶዶ ገበያ ቅቤ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ሚዛኑ ልክ ቢመጣ እንኳ እጇ አያርፍም፣ ቆንጠር አድርጋ «ይሄ ምርቃት ነው» ብላ ትጨምራለች። የጎረቤት ሳህን ከቤቷ ባዶውን አይመለስም። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከክሊኒክ ባዶ ባለሦስት ሊትር ጀሪካን ተሰጥቷት የወጣችው።

ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው። ኪኒኗን በሰዓቱ ትውጣለች፣ ሻይዋን መራራውን ትጠጣለች፣ ከሻንቶ ገበያ ቅቤ ገዝታ ስትመለስ ከመናኸሪያ እስከ ቤቷ ባጃጅ አትይዝም። የዚያን ቀን ነርሷ ሲስተር ሰብለ አስቀምጣ አስረዳቻት።

«ስኳር ኩላሊትን የሚጎዳው ቀስ ብሎ ነው፤ እስኪደክም ድረስ አያምም። በአንድ ቀን ሽንትዎ ውስጥ ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚወጣ ካወቅን ግን፣ ኩላሊትዎ የዛሬ አምስት፣ የዛሬ አሥር ዓመት ምን ላይ እንደሚሆን ከወዲሁ መገመት እንችላለን።»

«ትንቢት ነዋ!»

«ትንቢት አይደለም እማማ፣ ሽንት ነው። ከጠዋት እስከ ጠዋት ያለውን እዚህ ውስጥ ያጠራቅሙልኝ።»

እሑድ ማለዳ ማጠራቀም ጀመረች። አመሻሽ ላይ ጀሪካኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ብታየው ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ፊቷ ተለዋወጠ። ይሄንን ይዛ ሰው ፊት ልትቀርብ? ውሃ መጨመር ለአፍታ ታሰባትና ራሷን ገሠጸች፤ ቅቤ ውስጥ ሙዝ የሚለውሱትን ሌቦች ስትሰድብ የኖረች ሴት ናት። የሚጨመረውም እውነተኛ መሆን አለበት።

ልክ በዚህ ጊዜ ባሏ ጩማ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ። ጩማ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ አምሳ አራት ዓመት ሞልቶት ከተማሪዎቹ ጋር ይሮጣል፣ ኪኒን የሚባል ነገር ውጬ አላውቅም ብሎ ይምላል። ሰሞኑንማ ብሶበት ውሃ በጆግ ይጠጣል፣ ሌሊት ሦስቴ ለሽንት ይነሳል። አሳየሽ ደግሞ «ጤነኛ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ሁሉም ዕቃው ይሠራል» እያለች ትኮራበት ነበር።

«የሚልክያስ አባት፣ ና እስቲ ይቺን ሙላልኝ።»

ጩማ ነገሩን ሲረዳ በሳቅ ተንፈራፈረ። «የኔን ካዩማ፣ ይሄ ኩላሊት ለመቶ ዓመት ዋስትና አለው ነው የሚሉሽ!» አለና ጀሪካኑን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። እስኪነጋ አፍ አፉ ድረስ ሞላላት። ሰኞ ጠዋት አሳየሽ ጀሪካኗን ደረቷን ነፍታ አስረከበች።

በሳምንቱ ለውጤት ስትሄድ ሲስተር ሰብለ አልሳቀችላትም።

«ወይዘሮ አሳየሽ፣ ፕሮቲኑ በዝቷል። በዚህ ከቀጠለ ኩላሊትዎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊደክም ይችላል።»

አሳየሽ ወንበሩን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ሁሉ መራራ ሻይ ለዚህ ነው? የልጄን የሚልክያስን ሠርግ ሳላይ ልቀር ነው? ያ ውሃ ማፍላት የማይችል ባሌንስ ማን ያበላዋል? «ታ ጎዳው!» አለች በቋንቋዋ፤ ጌታዬ ማለቷ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሲስተር ሰብለ ግን ወረቀቶቹን እያገላበጠች ግንባሯን ቋጠረች። «ቆይ ቆይ። የደምዎ ስኳር በጣም ጥሩ ነው፤ የሦስት ወሩ አማካይም ጥሩ ነው። ሽንቱ ግን በስኳር ተሞልቷል። ይሄ እንዴት ሆኖ ነው የአንድ ሰው የሚሆነው?»

አሳየሽ የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ እንደገና ጠቀለለች።

«ጎደሎ ሆነብኛ ልጄ! ጎደሎ ይዤ መምጣት አፈርኩ። ትንሽ... ምርቃት ጨመርኩበት።»

ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። አሳየሽም እንባዋን እየጠረገች አብራ ሳቀች፤ ከሞት የተረፈች መሰላት። በመጨረሻ ሰብለ ቀና ስትል ሳቋ ጠፍቶ ነበር።

«የማን ነው ምርቃቱ?»

«የባለቤቴ።» ያን ጊዜ ገባት፤ በስኳር የተሞላው የሱ ሽንት ነው። የአሳየሽ ደስታ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ተነስታ በቀጥታ ትምህርት ቤት ሄደች፤ የዚያን ዕለት ባጃጅ ያዘች። ጩማን ከኳስ ሜዳ መሃል፣ ተማሪዎቹ እያዩ፣ እጁን ጎትታ አወጣችው። ሁለቱም እንደገና ተመረመሩ። የሷ ኩላሊት ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የሱ ስኳር ሦስት መቶ አሥር ነበር፤ ኩላሊቱም ፕሮቲን ማፍሰስ ጀምሯል።

«ግን ገና አልደከመም» አለች ሲስተር ሰብለ። «ምልክት ሳይሰጥ ነው የተያዘው። ከታከሙና ከተጠነቀቁ ለረጅም ጊዜ ልናቆየው እንችላለን። ከጥቂት ዓመት በኋላ አብጠው ቢመጡ ኖሮ ይሄን አልልዎትም ነበር።»

የቤታቸው ደጅ ሲደርሱ ጩማ ቆመ። «አሳየ፣ ጤነኛው እኮ እኔ ነበርኩ» አለ። አሳየሽ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። ፊሽካውን ካንገቱ አወለቀችና ራሷ አጠለቀችው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኪኒን ሰዓት ሲደርስ ፊሽካ ይነፋል። ሰፈሩ በሙሉ ለመደው፤ ሰዓት የሌለው ሁሉ በጩማ ኪኒን ሰዓቱን ያውቅ ጀመር። ጨው ቀነሰችበት፤ ከሥጋ ጋር የሚቀርበው የቃሪያ ማባያ፣ ዳጣው እንኳ አልቀረለትም። «ያለ ጨው ዳጣ! ከዚህስ ሣር አጭደሽ አብይኝ!» እያለ ይጮሃል፣ ግን ይበላል። መስከረም ላይ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በጊፋታ በዓል፣ ዘመዱ ሁሉ ሥጋውን እየቆረጠ ሲጎርስ፣ አሳየሽ አጠገቡ ተቀምጣ ሦስት ቁራጭ ቆጠረችና ፊሽካዋን ነፋች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጩማም ቢላዋውን አስቀምጦ እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ቀይ ካርድ እንደታየበት ተጫዋች።

ከበዓሉ በኋላ ጀሪካኑ ተመልሶ መጣ፣ ዘንድሮ ለጩማ። በነጋታው ጠዋት አሳየሽ ከፍ አድርጋ አየችው። ግማሽ ናት። እጇን በላት፤ ቢሆንም ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ሰው እንዳያየው በነጠላዋ ሸፍና ለሲስተር ሰብለ ስታስረክብ አንገቷን ደፋች። «የሱ ይቺው ናት። አንድም ጠብታ አልጨመርኩም።»

በሳምንቱ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። አሳየሽ የጩማን እጅ ይዛ ነበር፤ ሰው ፊት እጁን ይዛው አታውቅም። ሲስተር ሰብለ ወረቀቱን ይዛ መጣች፣ ፊቷ በርቷል።

«ፕሮቲኑ ከአምናው ከግማሽ በታች ወርዷል! ስኳሩም ተስተካክሏል። እንዲህ ከያዙት ይሄ ኩላሊት አብሯችሁ ያረጃል።»

ጩማ ካሳየሽ አንገት ላይ ፊሽካውን ነጠቀና ባለ በሌለ ትንፋሹ ነፋው። ዘበኛው ሌባ የተያዘ መስሎት ዱላውን ይዞ ሮጠ፤ ወረፋ የያዙት በሽተኞች ብድግ አሉ። ሲስተር ሰብለ ጆሮዋን ይዛ ትስቃለች።

«በሚቀጥለው ዓመት ሞልተን እናመጣዋለን፣ ከነምርቃቱ!» አለ ጩማ።

አሳየሽ ፊሽካውን መልሳ ነጠቀችው። እየሳቀች ነበር፣ እንባዋም ይወርዳል።

«ዝም በል! አንተ ከምትጎድልብኝ ጀሪካኑ ይጉደል!»