የጁምዓ ሽቶ

ማር የሚቆረጠው አመሻሽ ላይ መሆኑን ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። አስተማሪዋ ሂንድም አሳምራ ታውቃለች። ግን ምን ታድርግ! ባሏን አሕመዲንን አምና አንዲት ንብ ነድፋው፣ ጉሮሮው አብጦ ለጥቂት ነው የተረፈው። ሐኪሙም «ሁለተኛ ከተነደፍክ ቶሎ ድረስ፤ አለዚያ አጉል ነው» ብሎታል። ስለዚህ ለደስታዋ ብላ ያኖረቻቸውን ሁለት ቀፎዎች የምትከፍተው ዓርብ ቀን፣ እሱ ለጁምዓ መስጊድ ሲሄድ ብቻ ሆነ።

የዚያን ዕለትም ነጭ ጀለቢያውን ተኩሳ፣ ሽቶውን በገዛ እጇ አንገቱ ሥር ቀብታ ሸኘችው። ሌላ ጊዜ ከዚህ በኋላ እጇን በአመድ ፈትጋ ትታጠባለች። ዛሬ ሰዓቱ ረፍዶባት ረሳችው። ጓንቱም ተቀዷል። ንብ ሽቶ እንደሚያሳብዳት ተማሪ የምታስተምር ሴት፣ ሽቶ በሽቶ የሆነ እጇን ይዛ ቀፎ ከፈተች! ወይ መርሳት!

ክዳኑን ስታነሳ የንቦቹ ድምፅ ተለወጠ። ክዳኑን ልመልስ ስትል እጆቿ ንብ ለበሱ፤ አንዷም በፊቷ መረብ ሥር ሾልካ ገባች። የጢሱ ጣሳ ከእጇ ወደቀ።

«ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች።

ወዲያው የግቢው በር ተበረገደ። አሕመዲን ነው። ሶላቱ አልቆ ወደ ቤት ሲመለስ ጩኸቷን ሰምቶ ነው የሮጠው።

«አትግባ! በአላህ ይሁንብህ፣ አትግባ!»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። አንዲት ንብ መስኮት ላይ ስታርፍ ክፍል የሚለቀው ሰው፣ ከነሽቶው መንጋው መሃል ገባ። የደረበውን ጋቢ አልብሷት፣ አቅፎ ቤት አስገባትና በሩን ዘጋው።

የእሷ እጅ ይቃጠላል፤ ልብም አላለችው። አንገትጌውን፣ ጠጉሩን፣ ጆሮውን ታገላብጣለች።

«ነደፈችህ? ተናገር እንጂ!»

«አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» አለ። ምላሱ ግን ተሳሰረ። ከጆሮው ኋላ መውጊያዋ ተሰክቶ አገኘችው። በጥፍሯ ጫረችና አወጣችው፤ ከንፈሩ ግን ማበጥ ጀምሮ ነበር። እየጮኸች ጎረቤት ጠራች።

ወንዱ የሚባለው ጎረቤታቸው በባጃጁ ጤና ጣቢያ አበረራቸው። የአሕመዲን ትንፋሽ መንገዱን ሙሉ ሲር ሲር ይላል። ሂንድ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የእሱ ትንፋሽ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ እሷም አትተነፍስም። አላህን ስትለምን ቃሉ ሁሉ ጠፍቶባት «እሱን ብቻ፣ እሱን ብቻ» ትላለች።

መርፌ ከተወጋ በኋላ ደረቱ ቀስ በቀስ ተከፈተ። ነርሷ «አሁንስ ተርፏል» ስትል ሂንድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች።

«ዛሬውኑ ቀፎዎቹን ለወንዱ እሰጣቸዋለሁ። ሁለተኛ ንብ የሚባል ግቢዬ አይገባም!»

አሕመዲን ያበጠ እጇን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሽቶው ገና አለቀቀም።

«ንቦቹን ተያቸው» አለ በተዘጋ ድምፅ። «ለወንዱ ሽቶውን ስጪው።»