በኮምፒውተር የሞተው ባል

የስልክ ቁጥር የማን ነው? የሚከፍልበት ሰው ነው ወይስ ሲጠራ የሚያነሳው? ሩቅ አገር ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ፣ የደንበኞችን መረጃ ስለመጠበቅ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን አማካሪዬና እናቴ አንብበውታል፤ እናቴ ቋንቋውን አትችልም። በምሠራበት የስልክ ድርጅት «ማስተርስ» ይሉኛል፤ ለክብር እንዳልሆነ ይገባኛል። እንዲያም ሆኖ ያን ቀን መስኮቴ ፊት የተቀመጠችው ሴት ጥያቄውን እንደ አዲስ አስጀመረችኝ።

ጸጉር ሠሪ ናት። ጣቶቿ በጸጉር ቀለም ጠቁረዋል፤ የግራ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሲም ካርዷን ከመሀረብ ፈትታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ይሄን በስሜ አድርግልኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። አካውንቱ በባሏ ስም ነው። ባልየው ለያዛቸው መስመሮች ስም አውጥቶላቸዋል፦ «እኔ»፣ «መኪና»፣ «ሚስት»። መኪናውም ሚስትየዋም የት እንደቆሙ በስልኩ ካርታ ላይ ያያል። ከሁለቱ የተሻለ ጥቅል የተገዛለት መኪናው ነው።

«ባለቤትዎ ራሳቸው መቅረብ አለባቸው» አልኩ፤ መመሪያው ነው።

«እሱ ከሚቀርብ እኔ ብቀር ይሻላል። ደግሞ አንቱ አትበለኝ፣ አሮጊት አደረግከኝ እኮ።»

«እሺ። ለምን አዲስ ሲም አታወጪም? ርካሽ ነው።»

«ጎሽ፣ የተሰለፍኩት ይሄን ለመስማት ነው። ስማኝ ወንድሜ፣ ቤቱን ትቼለታለሁ። ሶፋውን ትቼለታለሁ። እናቱንም ትቼለታለሁ። ደንበኞቼ ግን የሚያውቁኝ በዚህ ቁጥር ነው። ሙሽራዋ ጸጉሯ ሲበላሽባት ለማን ትደውል፣ ለእሱ? ሲሙን ከከፈትኩት ደግሞ ያለሁበትን ያያል። እህቴ ቤት የደረሰብኝ እንዲህ ነው።» ፋሻውን አሳየችኝ። «ይሄ የዚያን ቀን ነው።»

«እናቱንም» ባለችው ገና እየሳቅኩ ነበር። ሳቄን ዋጥኩ።

መስመሩን መነጠል እችላለሁ። ችግሩ ሲስተማችን ጨዋ መሆኑ ነው፤ ምንም ነገር ሲቀየር ለአካውንቱ ባለቤት መልእክት ይልካል፦ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በስንት ሰዓት፣ ስላገለገልንዎ ደስ ብሎናል። ባልየው በመኪናው ፈጥኖ እንደሚደርስ እያሰብኩ የለውጥ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። ሽያጭ፣ ይልካል። ስጦታ፣ ይልካል። ፍቺ፣ ይልካል፤ መልካም ዕድልም ይመኛል። የማይልክበት አንድ ምክንያት ብቻ አገኘሁ፦ «የደንበኛ ሞት»።

ስክሪኑን አዞርኩላት። አነበበችው።

«ታሞ ነበር እንዴ?» አለች።

«በድንገት ነው።»

«ነፍስ ይማር።» ፊቷ ላይ ምንም አልታየም።

ማጭበርበር እንደሆነ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ከጠዋት እስከ ምሳ ተከራክረን፣ መልሱ ጋ ሳንደርስ ምሳ ሄደናል። ሲስተሙ የሞት ማስረጃ ፎቶ አያይዝ አለኝ። ስልኬ ውስጥ የነበረው የአክስቴ ድመት ፎቶ ነው፤ በጀርባዋ ተንጋላ ተኝታለች። አያያዝኳት። ተቀበላት።

የመስመሩ የድሮ የይለፍ ቃል የባልየው የልደት ቀን ነበር። አዲሱን ራሷ ስትጽፍ ፊቴን አዞርኩ። «ሚስት» የሚለውን አጥፍቼ ምን ልበል ስላት «ጸጉር ሠሪ በል» አለች። ፈርማ፣ ሲሙን ስልኳ ውስጥ ከታ ስትነሳ መልእክት ገባላት። ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ውድ ወራሽ፣ በደረሰብዎ ሐዘን ተካፋይ ነን። አገልግሎታችንን ከአንድ እስከ አምስት ይመዝኑ።» እስከ በሩ ድረስ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር የሟች መስመሮች በሙሉ እንደሚዘጉ ነው። ባልየው በማግስቱ መጣ። ለውጡ በየትኛውም ቅርንጫፍ ይሠራ፣ የሟቾች ጉዳይ የሚታየው እኛ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ጭራቅ ጠብቄ ነበር፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሽቶው ደስ የሚል ሰው ነው።

«ስልኬ ተዘግቷል ወንድሜ። መኪናዬንም ማየት አልቻልኩም።» ስለ ሚስቱ ገና አላነሳም።

«ሲስተሙ ሞተዋል ይላል።»

«ቆሜ እያየኸኝ?»

«እኔማ እያየሁዎት ነው። በሕይወት ለመኖርዎ ማስረጃ ያስፈልጋል።»

ድምፁ ከፍ አለ። ኃላፊያችን ከቢሮው ወጥቶ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ፋይሉን ከፈተ። ድመቷን አያት። እኔን አየኝ። እንደገና ድመቷን አያት። ከዚያ መታወቂያውን ተቀብሎ ሰውየውን ከሞት ማስነሳት ጀመረ። «እኔ» ተመለሰ። «መኪና» ተመለሰ። ሲስተሙ ጠየቀ፦ ሦስተኛውም መስመር ይመለስ? የኃላፊያችን ጣት ቁልፉ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛው ላይ ሌላ ደንበኛ ፈርማለች» አልኩ። «ለመመለስ ደንበኛዋ ራሷ መቅረብ አለባት። መመሪያው ነው።»

«የምከፍለው እኔ ነኝ» አለ ባልየው። «የት ሆና ነው የፈረመችው?»

«የሌላ ደንበኛ መረጃ አንሰጥም» አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሙሉ መጽሐፍ የሚያህል ወረቀት ፈጅቻለሁ።

ኃላፊያችን ጣቱን አነሳ። «መመሪያው ነው» አለ።

ባልየው ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ።

«ማስተርስ፣ ድመቷ የማን ናት?»

«የአክስቴ ናት ጋሼ።»

«በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲህ አንተ ግን እዚህ የለህም» ብሎ ደንበኛ ዝር ወደማይልበት፣ የአሮጌ ስልኮች መጋዘን አዛወረኝ። ሻንጣዬን ከተማርኩበት አገር ከመጣሁ ጀምሮ በሙሉ አላራገፍኩትም፤ ተመልሼ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለው እዚያም ተከተለኝ። መጋዘን ውስጥ ሰው ብዙ ያስባል። አንድ ከሰዓት በቁጥሯ መልእክት ጻፍኩላት፦ «ደህና ነሽ? የድመቷ ሰውዬ ነኝ። ጣትሽስ?»

ደርሷል አለኝ። ቆይቶ ተነቧል አለኝ። ስልኬን ፊቴ አቁሜ ጠበቅኩ። አልመለሰችም። ቁጥሩ አሁን የራሷ ነው፤ መመለስም አለመመለስም።